ከእርም እስከ በረካ፤ ትዝታ መውደድንና መጥላትን እንዴት እንደሚቀርጽ

የሰው ልጅ የሚወደውንና የሚጠላውን በራሱ ነጻ ፈቃድ የመረጠ ይመስለዋል። የጣመውን ጣመኝ፣ የመረረውን መረረኝ ይላል እንጂ፣ ምላሱ ከመቅመሱ በፊት ሌላ ዳኛ ተሰይሞ ፍርዱን እንደ ጨረሰ አያስተውልም። ያ ዳኛ ትዝታ ነው። ትዝታ ሲባል ደግሞ ሰው አስታውሶ የሚያወራው ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ራሱ የረሳው፣ ከአባት ወደ ልጅ ያለ ቃል የሚተላለፈው፣ በልማድ፣ በቋንቋና በማዕድ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረውም ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነገር በአንድ የቅርብ ምሳሌ፣ በቡና ታሪክ፣ መመርመር ነው። ቡናን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሀገር ሕዝቦች መካከል ለዘመናት ለአንዱ ምርቃት ለሌላው እርም ሆኖ ኖሮ፣ በሁለትና በሦስት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሁሉም የሆነ እንደ ቡና ያለ ነገር በታሪካችን ብዙ አይገኝም።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎንደር ዘመነ መንግሥት ላይ የተመሠረተ ተውኔት ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ገቢር ሁለት ባላንጣ መኳንንት በአንድ አረጋዊ ቄስ ሽምግልና ይታረቃሉ። ዕርቁ ለተመልካች ግልጽ ይሆን ዘንድ ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ዕጣን አጢሼ፣ ጀበና ጥጄ ሦስቱንም ሰዎች ቡና አስጠጣኋቸው። ልምምዱን ሊያዩ ከመጡት አንዱ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ አዛውንት፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እኚህ ቄስ ቡናውን የጠጡት ከሃይማኖታቸው ወጥተው ነው ወይስ ሳይወጡ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዚያች ቅጽበት ግን የእናቴ አባት ታወሱኝ። ቄስ ነበሩ። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ደጅ ይወጡ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሽታው ያማቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «አያመኝም» አሉኝ። ለምን እንደማይጠጡ ስጠይቃቸው ደግሞ «አባቶቻችን አልጠጡም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። አያቴ የሚጠሉትን ያውቁ ነበር፤ የጥላቻው ምክንያት ግን እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔም በበኩሌ የምወደውን አውቃለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምንወደው ግን ስለ ረሳሁ፣ ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወስጄ ለማይጠጣ ቄስ አጠጣሁት።

የአያቴን ነገር የሚመስል አንድ ገጠመኝ በሥነ ልቡና ታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል። ኤዱዋርድ ክላፓሬድ የተባለው የስዊስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንዲት ሕመምተኛ ይተርካል። ሴትዮዋ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታዋን ስላጣች፣ በየቀኑ የምታየውን ሐኪም እንኳ እንደ እንግዳ ትቀበለው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ በጣቶቹ መካከል ስፒል ደብቆ ሲጨብጣት ወጋት። ሴትዮዋ ነገሩን ወዲያው ረሳችው። ሌላ ጊዜ እጁን ሲዘረጋላት ግን የራሷን እጅ ሰበሰበች። ለምን ብሎ ቢጠይቃት፣ ሰው እጁን መሰብሰብ መብቱ አይደለም ወይ የሚል ክርክር ገጠመችው እንጂ ምክንያቱን ልትነግረው አልቻለችም። ስፒሉ ተረስቷል፤ የእጅ መሰብሰቡ ግን ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን አስተምረውናል። እ.ኤ.አ. በ1955 ጆን ጋርሲያና ባልደረቦቹ አይጦች በሳካሪን የጣፈጠ ውሃ በሚጠጡበት ጊዜ ጨረር እንዲያገኛቸው አደረጉ። አይጦቹ ከዚያ በኋላ ጣፋጩን ውሃ ሸሹት። የበደላቸው ጨረሩ ነበር፤ ጥላቻው ግን በአጠገቡ በተገኘው ጣዕም ላይ ዐረፈ። በሌላ በኩል ሮበርት ዛየንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች ትርጉማቸውን ከማያውቋቸው ቃላትና ምልክቶች መካከል ደጋግመው ያዩትን አልፎ አልፎ ካዩት ይልቅ መልካም ነው ብለው እንደሚገምቱ አሳየ። እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት ጥናቶች ሦስት ቁም ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ጥላቻ ምክንያቱ ከተረሳ በኋላም ይኖራል። ሁለተኛ፣ ጥላቻ በእውነተኛው በዳይ ላይ ሳይሆን በአጠገቡ በተገኘው ነገር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሦስተኛ፣ መላመድ በራሱ መውደድን ይወልዳል።

ይሁን እንጂ ስለ ግለሰብ አእምሮ የተባለውን ሁሉ እንዳለ አንሥቶ በኅብረተሰብ ላይ መለጠፍ አይገባም። ኅብረተሰብ የራሱ አንጎል የለውም። ትዝታውን የሚያኖረው በልማዱ፣ በሕጉ፣ በአመጋገቡና በአነጋገሩ ውስጥ ነው፤ ያንን ትዝታ የሚጠብቁትም ሆነ የሚለውጡት የኑሮ ሁኔታዎችና ተቋማት ናቸው። ስለዚህ የአያቴን ስፒል በታሪክ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል።

አረቢካ የሚባለው የቡና ዝርያ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። በከፋ፣ በጊቤ ዙሪያና በሌሎችም አካባቢዎች የሚኖሩ ሕዝቦች ፍሬውንም ቅጠሉንም በየመልኩ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ለረጅም ጉዞ ሲነሡ የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር አድቦልቡለው ስንቅ እንደሚይዙ ጽፏል። ቡና ቀላ በተባለው የኦሮሞ ሥርዓት ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ ይመረቅበታል። በሐረርጌ ከቅጠሉ ቁጢ ይፈላል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ቡና ከዱዓ አይለይም። በእነዚህ ቤቶች ያደገ ልጅ የቡናን ሽታ የሚያውቀው ከሽማግሌ ምርቃት ጋር ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቡናን መውደድ ማለት አባቶቹን መውደድ ማለት ነው።

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ክርስቲያን ዘንድ የነበረው ትዝታ ግን ሌላ ነው። ቡና እንደ መጠጥ ገንኖ የወጣው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየመን ሱፊዎች ዘንድ ነበር፤ ሌሊቱን በጸሎት ሲተጉ ይጠጡት ነበር። ወደ ደጋው ይዘውት የሚመጡት ነጋዴዎችም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በዚህ መካከል ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. የቆየው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ደረሰ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙው ሃይማኖቱን በግድ ለወጠ። ቁስሉ ሳይሽር ትውልድ አለፈ። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በጎንደርም ሰፈራቸው ከከተማው በታች በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሆነ። እንግዲህ እኔ በተውኔቴ በመኳንንቱ እልፍኝ የጣድኩት ጀበና በዚያን ጊዜ ቦታው ከወንዙ ማዶ ነበር።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ቡና የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ደጋው ቡናን የጠላው መራራ በመሆኑም አልነበረም፤ ጌሾ ከዚያ አይብስም ወይ? የተጠላው ሲኒውን የያዘው እጅ ነው። እንደ ጋርሲያ አይጦች ሁሉ፣ የጦርነቱ ሕመም በአጠገቡ በተገኘው ጣዕም ላይ ዐረፈ፤ ቡና «የእስላም መጠጥ» ተባለ። ስም ከወጣለት በኋላ ደግሞ ማንም ጦርነቱን ማስታወስ አላስፈለገውም። ስሙ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ስፒሉ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ነበር ማለት ግን ታሪክን ማጉደል ይሆናል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ የተወጉት ሙስሊሞች ነበሩ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ በግድ የተጠመቁትም ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኑ ተባለ። እንዲህ ባለ ዘመን ማዕድ የሃይማኖት መፈተሻ ይሆናል። ሰው የሚጠጣው ጥማቱን ለማርካት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሆነ ለማስመስከርም ነው፤ የማይጠጣውም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይዘነጋ አንድ ቁሳዊ እውነት አለ። ከጊቤ ሀገሮች የሚነሣው ቡና በጎጃሙ የባሶ ገበያና በጎንደር በኩል አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። በየመንገዱ ያሉት ክርስቲያን ገዢዎች ቡናውን አይጠጡትም፤ ኬላ ላይ ግን ይቀርጡት ነበር። እርም የነበረው መጠጡ እንጂ ገንዘቡ አልነበረም። በሌላውም ሀገር ትዝታንና ጥቅምን ለያይቶ ማየት አይቻልም። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1777 ባወጣው መግለጫ፣ ሕዝቡ ቡናውን ትቶ እሱና አባቶቹ ያደጉበትን ቢራ እንዲጠጣ አሳስቦ ነበር። የተጠቀሰው የአባቶች ትዝታ ነው፤ የንጉሡ ጭንቀት ግን በቡና ምክንያት ወደ ውጭ የሚፈሰው ገንዘብ ነበር። በ1781 መንግሥት የቡና መቁላትን ሥራ በእጁ ባደረገ ጊዜ፣ በየመንደሩ እየዞሩ የተቆላ ቡና ሽታ የሚያነፈንፉ ጡረተኛ ወታደሮች እስከ መቅጠር ተደርሷል።

ትዝታ ማስጠላት ብቻ ሳይሆን በተጠላው ምትክ ሌላውን ማስወደድም ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1773 የቦስተን ሰዎች በእንግሊዝ መንግሥት ቀረጥ ተቆጥተው 342 ሳጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ በመንገድ ደክሞት አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሻይ እንድትሰጠው ቢጠይቃት፣ በቤቷ ሻይ እንደ ተተወ ነግራ ቡና አቀረበችለት። ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣ መሆኑንና ከሻይ መላቀቅ እንዳለበት ገልጿል። ሰውየው ሻይ መውደዱን አልካደም። ሻዩ ግን ከእንግዲህ ቀረጡን፣ ቀረጡም ውርደቱን የሚያስታውስ ሆነ።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ክልከላው እንዴት ተፈታ? ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ በጊቤ ዙሪያ ያሉት የቡና ሀገሮች በሥራቸው ሆኑ። በ1879 ዓ.ም. ሐረር ተያዘች፤ በ1890 ዓ.ም. መባቻ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቡና ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ አጠረ። ቀድሞ በኬላ አላፊ የነበረው ሸቀጥ አሁን የመንግሥቱ ዋና ሀብት ሆነ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚነግረን፣ በ1870ዎቹ ዓመታት ቡና መጠጣት በፍጥነት ሊስፋፋ የቻለው ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናቱን እምነት ለማስወገድ ብዙ በመድከማቸው ነው።

ይሁንና ንጉሥ ስለ ጠጣና ጳጳስ ስለ ፈቀደ ብቻ የሰው ምላስ አይለወጥም። የአያቴ ደጅ መውጣት ለዚህ ምስክር ነው፤ ዛሬም ቡና የማይቀምሱ መነኮሳትና ካህናት አሉ። ሰፊውን ሕዝብ የለወጠው ዕለታዊ ኑሮ ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የዘመተው ወታደር ቡና በሚጠጡ ሕዝቦች መካከል ቤት ሠርቶ ልጅ ወለደ። በአዲስ አበባና በየባቡር ጣቢያው በበቀሉት ከተሞች የመንዜ፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞና የወሎየ ቤቶች አንድ አጥር ተጋሩ። የጎረቤት ቡና ሽታ አጥር አይከለክለውም። ዛሬ የሸሸው ሰው ነገ ይሰማዋል፣ ከነገ ወዲያ ይለምደዋል፤ በሐዘን ቀን ተጠርቶ ሲሄድ ደግሞ ሲኒውን ይቀበላል። ዛየንስ በጥናቱ ያሳየውን፣ የጎረቤት እናቶች አስቀድመው በየደጃቸው አከናውነውት ነበር።

ለምን ቡና ድንበሩን ተሻገረ፣ ሥጋ ግን አልተሻገረም? ዛሬም ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ በእርዱ ላይ የሃይማኖቱ ስም የሚጠራበት መሆኑ ነው፤ ሥጋው ያንን ስም ይዞ ይቀራል። ቡና ግን ሲቆላና ሲወቀጥ የግድ የሚጠራበት ስም የለም። ሙስሊሙ ዱዓ ያደርግበታል፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ይጠጣዋል። ሁለቱም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው የየራሳቸውን ይዘው ይነሣሉ። በሥጋ የተለያዩ ጎረቤቶች በቡና ተገናኙ። ስለዚህም በአማርኛ ከእገሌ ጋር ቡና እንጠጣለን ማለት መጠጥን ሳይሆን ዝምድናን የሚናገር አባባል ሆነ።

ትዝታው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ወደ ቋንቋ ገባ። ሲኒ የሚለው ቃል በዐረብኛ የቻይናን ሸክላ የሚያመለክት ነው። ሦስተኛው ቡና የሚጠራበት በረካም ያው የዐረብኛው በረከት ነው። የአያቴ የልጅ ልጆች፣ የቄስ ዘሮች፣ በፋሲካ ማግሥት «በረካውን ሳትጠጡ አትሂዱ» እያሉ እንግዳ ይይዛሉ። አባቶቻቸው የሸሹትን እጅ በየቀኑ በቃል ይጨብጡታል፤ እንደሚጨብጡትም አያውቁም።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ትዝታ መውደድን እንደሚፈጥር ሁሉ፣ መውደድም በተራው ትዝታን ይፈጥራል። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጩ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለውን እረኛ፣ ካልዲን፣ የማያውቅ የለም። ይህ ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ የማሮናውያን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ እረኛው በዚያ ካልዲ የሚል ስም የለውም። ስሙ በኋላ መጣ። ቡናን ስንወድ፣ ለወደድነው ነገር የሚመጥን ጣፋጭ ልደት ሰጠነው። ተረቱ በተረትነቱ ክፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው የእውነተኛውን ታሪክ ቦታ ሲይዝ ነው። እረኛውና ፍየሎቹ በመድረካችን፣ በፖስተራችንና በመማሪያ መጽሐፋችን ሲሞሉ፣ በጦርነትና በባሪያ ፍንገላ የተራቆተችው ከፋ፣ ተማርከው ወደ ሸዋ የተወሰዱት ንጉሥዋ፣ በየጫካው ፍሬውን የለቀመው ሕዝብ ከትዝታችን ይወጣሉ። ለብዙ ዐሥርታት ከወጪ ንግዳችን ገቢ ከግማሽ በላይ የሸፈነው ቡና ይህንን ሁሉ ተሸክሞ ነው የወረደው። ጥላቻ ስፒሉን እንደሚረሳ ሁሉ ፍቅርም የራሱን ስፒል ይረሳል።

ታዲያ ይህ ለመምህሩ፣ ለካድሬውና ለኪነት ሰው ምን ይነግረዋል? በመጀመሪያ፣ ሕዝብ የጠላውን ነገር በትእዛዝ ለማስወደድ የሚደረግ ጥረት የትም እንደማይደርስ ይነግረዋል፤ ቡናን ያስወደደው ዐዋጅ ሳይሆን ዐብሮ መኖር ነው። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን እጃቸውን ከጎረቤት እጅ ሲሰበስቡ ስናይ፣ መገሠጽ ብቻ ሳይሆን ስፒሉ የት እንደ ነበረ አብረን መፈለግ እንዳለብን ይነግረዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ጥላቻውን መመዘን ይችላል፤ የማያውቅ ግን እንደ ርስት ይወርሰዋል፣ ያወርሰዋልም። ሦስተኛ፣ ስለ አብሮነት ስንጽፍ ታሪክን በቅቤ አሽተን ማቅረብ እንደማይገባን ይነግረዋል። አባቶቻችን ሁልጊዜ በአንድ ሲኒ ይጠጡ ነበር የሚል ተውኔት፣ በአንድ ሲኒ ለመጠጣት የተደከመውን ድካም ይሰርዛል። ዕርቅ ዋጋ የሚኖረው ጠቡ እውነት ከነበረ ነው።

ያንን ገቢር ደግሜ ጻፍኩት። አሁን መኳንንቱ የሚታረቁት ጠጅ እየጠጡ ነው። በዚያው ቅጽበት ከወንዙ ማዶ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ጠጅ የምትቀዳው ልጅ ቆም ብላ ነፋሱ ያመጣውን ሽታ ታሸታለች። ደስ ይላታል። ቄሱ ሲያይዋት ግን ፈጥና በነጠላዋ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ለምን እንደምትሸፍን ማንም አይጠይቃትም፤ እሷም አታውቅም። ጥያቄውን የጠየቁኝ አዛውንት ይህንን ትዕይንት በሌላ ልምምድ አይተው ምንም አልተናገሩም። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን በር ላይ ካለችው ቡና ሻጭ ዘንድ ጎትተውኝ ሄዱ፤ በዕድሜያቸው እስከ አርባ ዓመት ድረስ ቀምሰውት እንደማያውቁም እዚያ ተቀምጠን ነገሩኝ።